በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ

1.

ተገተረ።


2.

ኮምፒውተሩ ማለቴ ነው። ሐመልማል አጥፍታ አስነሳችው፤ መልሶ ተገተረ። ደግሞ እንደ ሞተ ዝም ቢል ደግ ነበር! ማራገቢያው ይጮኻል፣ ሆዱ ይግላል፣ ደፋ ቀና ሲል ላየው ሰው የዓለም ሥራ የያዘ ይመስላል። የሚጨርሰው ነገር ግን የለም።


3.

አንባቢ ሆይ፣ ግራ ሳይገባዎ ልንገርዎ። ሐመልማል አዳማ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ቤት ቁጥር 12 ተቀምጣ፣ ባሕር ማዶ ካለ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን በኢንተርኔት ትማራለች። የዘንድሮ ትምህርቷ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፤ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚሻሙትን ፕሮግራሞች ተራ የሚያስይዘው አለቃ ማለት ነው። የመጨረሻው የቤት ሥራም ይኸው፦ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጠባብ በር ሊገቡ ሲመጡ፣ ሳይጋጩ የሚያሳልፍ ኮድ ጻፉ። ለሁለት ሆናችሁ ሥሩ። ማስረከቢያው ዛሬ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት።

ባለፈው መንፈቅ አንድ ትምህርት ወድቃለች። ሁለተኛ ከወደቀች ትሰናበታለች።

ይኸው ነው ነገሩ።


4.

አብሯት የሚሠራው ልጅ ይድነቃቸው ይባላል፤ ያለው ጅማ ነው። በአካል ተያይተው አያውቁም። ጨዋነታቸው ግን ለጉድ ነው! ሥራውን ሊካፈሉ የተጻጻፉትን ይዩልኝማ፦

ሐመልማል፦ የቱን ትመርጣለህ?
ይድነቃቸው፦ ካንቺ የተረፈውን።
ሐመልማል፦ እንዴ! አንተ ምረጥ እንጂ።
ይድነቃቸው፦ በፍጹም! አንቺ።
ሐመልማል፦ ኧረ አንተ!

እንዲህ ሲባባሉ ሳምንቱ አለቀ። በመጨረሻ እሷ የአንደኛውን ፕሮግራም ኮድ፣ እሱ የሁለተኛውን፣ በየፊናቸው ጻፉ። ለየብቻ ሲሞከሩ ሁለቱም እንደ ውሃ ይፈስሳሉ። አንድ ላይ ሲገቡ፣ ቁጥር አንድን መልሰው ያንብቡ።


5.

«ሐሚዬ! ኧረ ነይ፣ ወጡ ቀዘቀዘ!»

ምድር ቤት ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ደግሰዋል። ከጎረቤት ድግስ መቅረት ደግሞ ወቀሳው እስከሚቀጥለው ክርስትና ይዘልቃል። ሐመልማል «ሁለት ጉርሻ ጎርሼ እመለሳለሁ» ብላ፣ እየተነጫነጨች ወረደች።


6. በር

ማን ያስገባት! በሩ ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ ከኋላቸው ደረጃው በእንግዳ ሞልቷል። አንደኛው የቤት ቁጥር ዘጠኙ ጡረተኛ ወታደር፣ ሻምበል ገረመው ናቸው። ሁለተኛው የ15ቱ አቶ ሉልሰገድ፣ የቀድሞ ባቡር ነጂ።

— ይግቡ ሻምበል።
— እርስዎ ቆመው? ምን ሲደረግ!
— በሞቴ!
— እኔ ልሙት፣ እርስዎ ይቅደሙ!
— በዕድሜ ይበልጡኛል እኮ።
— እኔ? እርስዎ ፊት እኔ ሕፃን ነኝ!

በመጨረሻ ሁለቱም «እሺ» ብለው እኩል ተራመዱ። ትከሻ ለትከሻ ተጋጩ። ሁለቱም «ይቅርታ» ብለው፣ እኩል ወደ ኋላ ተመለሱ።


7. በር

— ይግቡ ሻምበል።
— እርስዎ ቆመው?


8. በር

— በሞቴ!


9.

ወይ



ጉድ!


10.

ሐመልማል እጇን አፏ ላይ ጫነች። የእሷ ኮድ ምን ይላል? «ሌላው መግባት ከፈለገ፣ ወደ ኋላ ተመለስና አሳልፈው።» የይድነቃቸውስ? «ሌላው መግባት ከፈለገ፣ ወደ ኋላ ተመለስና አሳልፈው።» እንዲህ ጻፉ ያላቸው የለም። ጨዋ አስተዳደግ የበደላቸው ሁለት ልጆች፣ ኮምፒውተሩንም እንደ ራሳቸው አሳድገውት ኖሯል! ሳቅ አፈናት።

በዕድሜ ይሁን ቢባል ያከራክራል፤ በማዕረግም እንደዚያው። ማንም ሰው የማይግደረደርበት ነገር ያስፈልጋል።

«የቤት ቁጥር!» ብላ ጮኸች። ደረጃው ሙሉ ዞሮ አያት። «ትንሹ ቁጥር ይቅደም! ዘጠኝ፣ ይግቡ! አሥራ አምስት፣ ይከተሉ!»

ሻምበል ትእዛዝ ሲሰሙ የድሮው ነገራቸው ተነሣባቸው መሰለኝ፣ ቀጥ ብለው ገቡ። አቶ ሉልሰገድ ተከተሉ። የራበው እንግዳ ሁሉ እልል አለ።

«አንቺስ አትበይም?» አሉ እትዬ አስካለ።

«መጣሁ!» አለች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወደ ላይ።


11. ስልክ

ሐመልማል፦ አገኘሁት! ትሕትናችን ነው የገደለን!
ይድነቃቸው፦ ማ? ምናችን?
ሐመልማል፦ ለየፕሮግራሙ ቁጥር እንስጠው። ትንሹ ቁጥር ወደ ኋላ አይልም፤ ይገባል። አለቀ!
ይድነቃቸው፦ ቆይ፣ እኔ ጋ ልሞክረው።

(የጣቱ ኳኳታ ይሰማል። ሐመልማል ጥፍሯን ትበላለች።)

ይድነቃቸው፦ አለፈ።
ሐመልማል፦ ምን አልከኝ?
ይድነቃቸው፦ አለፈ! ሁሉንም ፈተና አለፈ! አንቺ ልጅ፣ ጉድ እኮ ነሽ!

ጩኸቷ ምድር ቤት ድረስ ተሰማ። እዚያም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ደግመው እልል አሉላት።


12. ማስረከቢያ

የዩኒቨርሲቲው ገጽ እንዲህ ይላል፦ ሥራውን የሚልከው ከሁለቱ ተማሪዎች አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱም ከላኩ ሥራው ይሰረዛል። ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል።

ይድነቃቸው፦ በይ ላኪው።
ሐመልማል፦ ኧረ አንተ ላከው፣ ያለፈው አንተ ጋ ነው።
ይድነቃቸው፦ ሐሳቡ ያንቺ ሆኖ? ምን ሲደረግ!
ሐመልማል፦ በሞቴ!
ይድነቃቸው፦ እኔ ልሙት!

ከዚያ ሁለቱም እኩል በሳቅ ፈነዱ።

ሐመልማል፦ የቤት ቁጥር! ትንሹ ይላከው! የኔ አሥራ ሁለት ነው። ያንተስ?

የይድነቃቸው ሳቅ ቀጥ አለ።

ሐመልማል፦ ይድነቃቸው?
ይድነቃቸው፦ አሥራ ሁለት።


13. በር

አንባቢ ሆይ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ እኔ ደግሞ እርስዎ ቆመው አልገባም። በሞቴ፣ ይቅደሙና እርስዎ ይጨርሱልኝ፦

ሐመልማል፦ በቃ፣ እንግዲያው