ጫፍ የሌለው ክር

"አልቆረጥም አልኩ፣ አልቆረጥም!" አሉ አባቷ፤ የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጣቸውን ግን አላቋረጡም። የሰው ሱሪ ከጭናቸው ላይ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። ልጃቸው ጎንበስ ብላ አነሳችው።

ከሆስፒታል ተመልሰው ልብስ ስፌት ቤታቸው ከገቡ ብዙም አልቆዩም። ቀዶ ሐኪሙ ነገሩን ሳይሸፋፍን ነግሯቸዋል፦ ካንሰሩ ገና ከትልቁ አንጀት አልወጣም፣ ሰኞ ለቀዶ ሕክምና አልጋ አለ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እሳቸው ደግሞ ደረታቸውን ነፍተው፣ "ልጄ የዚሁ በሽታ ተመራማሪ ናት፤ መድኃኒቷን እጠብቃለሁ" ብለውት አረፉ። ሐኪሙ ዞሮ ሲያያት እሷ መሬት መሬት አየች።

ሥራዋን ያስረዳቻቸው በሚገባቸው ቋንቋ ነበር። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ አርኤንኤ የሚባል ክር መሳይ ነገር አለ። አንዳንዱ ሁለት ጫፉ ተጋጥሞ ክብ ይሆናል፤ ጫፍ የሌለው ክር ደግሞ ቶሎ አይተረተርም። በአንጀት ካንሰር ውስጥ ስለሚገኝ፣ አንድ ቀን በሽታውን ቀድሞ ለማወቅ፣ ምናልባትም ለማከም ይረዳ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ትርፍ ጨርቅ ሲያይ እጁ አያርፍምና፣ አባቷ "አንድ ቀን"ን እና "ይሆናል"ን ቆርጠው ጥለው ቀሪውን ለሰፈሩ ሁሉ አዳረሱት። እሷም በኩራታቸው ደስ ብሏት ዝም አለች።

"አባባ፣ እስቲ ፔዳሉን ያቁሙልኝ።"

መኪናው ጸጥ አለ።

"እኔ መድኃኒት አልሠራም። ላብራቶሪም የለኝም።"

"ታዲያ ኮምፒውተሩ ላይ ቀን ከሌት ተደፍተሽ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ሌሎች ስለ ክቦቹ ክሮች የጻፉትን ጥናት ነው የምሰበስበው። በየዓመቱ ምን ያህል ተጻፈ፣ እነማን ጻፉት፣ ምርምሩስ ወዴት እያዘነበለ ነው፣ እሱን ነው የማጠናው።"

"ሰው የሰፋውን ትቆጥሪያለሽ በይኛ!"

"እንደዚያ ይበሉት።"

"ብዙ ነው?"

"በየጊዜው እየጨመረ ነው።"

"ምን ይላል ታዲያ?"

"አብዛኛው ተስፋ ሰጪ ነው ይላል።"

"እሰይ! ምን አልኩሽ!"

"አባባ…" ያነሳችውን ሱሪ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ካነበብኩት ሁሉ ውስጥ አልጋ ላይ ለተኛ ሰው የደረሰ አንድም መድኃኒት አላገኘሁም። አይጥ ላይ ነው ያለው፤ ብልቃጥ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ቀን ለሰው ይደርስ ይሆናል። ለእርስዎ ግን አይደርስም።"

አባቷ መቀሱን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት።

"ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነዋ!" አሉ ቀስ ብለው። "ሐኪሙ ፊት ለምን አልተናገርሽም?"

"ሲኮሩብኝ ማየት እወድ ነበር። ዛሬ ግን ፈራሁ። በእኔ ኩራት ሊሞቱብኝ ነው።" እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችው።

ከዚያ ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው፣ ለሐኪሙም ለማንም ያልተናገሩትን አወጡት።

"ያ ሐኪሙ ለሰገራ መቀበያ ሆዴ ላይ ይንጠለጠላል ያለው ከረጢትስ? ይኼ ሁሉ ሰው ለልኬት እየመጣ አጠገቤ ይቆማል። ሸተተ ቢሉኝስ?"

ጠብቀውት የነበረው መድኃኒት ብቻ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባት። ከዚህ እፍረት በእሷ ምርምር ተከልለው ነበር።

"ለጥቂት ወር ነው ብሏል። እኔ እቀይርልዎታለሁ።"

"ዝም በይ! ልጅ የአባቷን…" ንግግራቸውን አልጨረሱትም።

በዚህ መሃል የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ፣ ያ ወሬ የማያድርበት ሰው፣ ማበጠሪያውን ጆሮው ላይ እንደሰካ ዘው አለ።

"ዶክተሯ! መድኃኒታችን ከምን ደረሰ? ደንበኞቼ እኮ መልስ አጣሁላቸው!"

ፊቷ ጋለ። እውነቱን ለእሱም ልትነግረው ስትዘጋጅ አባቷ ቀደሟት።

"ምርምሯን ጨርሳለች" አሉት።

"አትሉኝም ጋሼ! ምን አገኘች?"

"ሰኞ ኦፕራሲዮን ግባ የሚል።"

የፀጉር አስተካካዩ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። ልጅቱ አፏን ከፈተች። ያልደረሰችበትን ደረስኩበት ማለት በእሷ ሙያ ነውር ነው። አባቷ ቀና ብለው አዩዋት፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

"አዎ" አለች፤ "ያገኘሁት እሱን ነው።"