የተቀየረው ቦርድ

ፎቶ አንሺው ያንኑ አሮጌ ባለፊልም ካሜራ ለሦስተኛ ጊዜ ይዞ መጣ። «እሁድ ሠርግ አለብኝ፤ መዝጊያው አሁንም ድርቅ ብሎ ይቀራል» አለ። ባንኮኒው ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ግን የምታየው ካሜራውን ሳይሆን ታናሽ ወንድሟን ነበር። ጥገና ቤቱን ከአባታቸው ወርሰው እሷ ደንበኛ ትቀበላለች፣ እሱ ይጠግናል። አባትየው አንድም ዕቃ ሁለቴ ተመልሶበት አያውቅም።

ሰውየው ሲወጣ ወንድሟ ካሜራውን ፈታታና በቴስተር እዚህም እዚያም ነካካ። ከዚያ ከመሳቢያው የሆነ ነገር አውጥቶ ሲያይ ቆየ። እሷ ጠጋ ስትል መልሶ ሸጎጠና ቆለፈው።

አሃ! ከመቼ ወዲህ ነው መሳቢያ የሚቆለፈው? የዚህ ካሜራ ኤሌክትሮኒክ ቦርድ መሠራት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ደህና ከተገኘ ፈላጊው ብዙ ነው። እንግዲያው ደህናውን እያወጣ ይሸጣል፣ የሞተውን ይተክላል! ደሟ ፈላ። ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እሱ ምሳ ሲወጣ የካሜራውን የታች ክዳን ፈትታ ቦርዱ ጥግ ላይ በጥፍር ቀለሟ ቀይ ምልክት አደረገች።

በማግስቱ ወንድሟ «ሠራልኝ!» ብሎ ካሜራውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠላት። ዞር ሲልላት ከፍታ አየች። ቀይ የሚባል ነገር የለም።

ወንድሟን ትጠይቀዋለች? ምን በወጣት! በቀጥታ እዚያው ሰፈር ለሚሠራው ፎቶ አንሺ ደወለች። «ደህናውን ቦርድህን አውጥቶብሃል። የአባቴን ስም ሲያበላሽ ዝም አልልም፣ መጥተህ ራስህ ጠይቀው» አለችው። ስልኩን ዘግታ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«የሰውየው ቦርድ የታለ?»

«ቆሻሻ ውስጥ ነዋ፣ እትዬ። ምነው?»

አንስቶ ሰጣት። ቀይ ምልክቷ አለ፤ የቀረውን ግን ከባትሪ የፈሰሰ ኬሚካል በልቶ አረንጓዴ አድርጎታል።

«ሁለቴ ጠርጌ በየድኩት፣ እምቢ አለኝ» አለና መሳቢያውን ከፈተ። ሥራ ሲጀምር አባታቸው የሰጠው ካሜራ ሆዱ ባዶ ሆኖ ተቀምጧል። «ተመሳሳይ ቦርድ ያለው የኔ ካሜራ ብቻ ነው። ሰውየው ሠርጉ ሊያመልጠው ነው፣ ከየት ላምጣለት?»

«ታዲያ ለምን ትደብቀኛለህ?»

«የአባባን ስጦታ ገደልከው ብለሽ ታለቅሻለሻ!»

ክው አለች። ስልኩን ለማንሳት እጇን ስትዘረጋ በሩ ተከፈተ።

«ና ና፣ ለሠርግህ ደረሰልህ!» አለ ወንድሟ ካሜራውን በሁለት እጁ ይዞ።

ፎቶ አንሺው አልተቀበለውም። «መጀመሪያ የሰረቅኸኝን ቦርድ አምጣ» አለ። «እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች።»

ወንድሟ ካሜራውን እንደያዘ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ?» አለ።