የእሜቴ ወለተሩፋኤል ቤት ሲሸጥ

«ግድግዳው ዛሬውኑ ካልተመረገ ገዢ ይዤ አልመጣም» አሉ ደላላው አያ ክንዱ፣ በከዘራቸው ጫፍ ስንጥቁን እየነካኩ። «ሐዘን ላይ መሆንሽን ረስቼው አይደለም፣ ልጄ። ሥራዬ ሆኖብኝ ነው።»

እናኑ ጥቁር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ጭቃውን በእግሯ ትረግጣለች። እናቷ እሜቴ ወለተሩፋኤል ገና ሰልስታቸው መውጣቱ ነው። በቤቱ አንድ ወገን ለቅሶ ደራሾች መደብና አጎዛ ላይ ተኮልኩለዋል፤ በሌላው ወገን ጭድና ጭቃ ይቦካል።

«የእናቷ አፈር ሳይደርቅ!» አለች አንዲት ጎረቤት ለአጠገቧ ሴት፣ እናኑ እንድትሰማው አድርጋ።

እናኑ ሰማች። ምን ታድርግ? ዳባት ያለው የእሷና የባሏ ቤት ደጃፍ በሬ የለም፤ የጣሊያን ወታደሮች ነድተው ወስደውባቸዋል። ክረምት ሳይገባ በሬ ካልተገኘ ባሏ የሚያርስበት የለውም። የዚህ የቀሐ ወንዝ ዳር ቤት ወራሽ ደግሞ እሷ ብቻ ናት። ለጠየቃት ሁሉ የምትናገረው ይህንን ነበር።

የማትናገረው ሌላ ነው። ባለፈው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ቀኗ ሲቃረብ፣ እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ ፈልጋ ሰው ልካ ነበር። የመጣላት መልስ አጭር ነው። «አትምጪ። እኔም ቤቴን ጥዬ አልመጣም።» እናኑ አማቷ ቤት ወለደች፤ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ከዚያ ወዲያ ግን የመርዶው ቀን እስኪደርስ የእናቷን ደጅ አልረገጠችም።

እናቷ ድሮም ቢሆን ለሰው የማይመቹ ሴት ነበሩ። ባላቸው ሲሞት ዘመድ ሰብስቦ ሊያስተዳድራቸው ቢመጣ፣ «ሁለት እጅ አለኝ» ብለው መለሱት። ጥጥ ፈትለው ልጃቸውን አሳደጉ። ቀን ቀን እንዝርታቸው ያዜማል፤ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በራቸው ይዘጋል። መንደሩ ስማቸውን በቁጣቸው ነበር የሚያነሣው።

ለዚህ ነው ለቅሶው እናኑን ግራ ያጋባት። ከዛሪማና ከድብ ባሕር፣ ያን ሁሉ አቀበት ወጥተው፣ የማታውቃቸው ሰዎች ይመጣሉ። ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ። «ማን ልበል?» ስትላቸው፣ «እግዜር ያጥናሽ» ብለው ስማቸውን ሳይናገሩ ይሄዳሉ። ዛሬም አንዲት ወጣት ሴት ልጇን አዝላ ከማለዳ ጀምሮ ጓዳው በር ላይ ተቀምጣለች።

«ይህ ጎታ ይነሣ» አሉ አያ ክንዱ ጓዳ ገብተው። «ከኋላው ሳይመረግ ቢቀር ገዢ ይታዘበኛል።»

ልጅ ያዘለችው ሴት ብድግ አለች። «ምነው አያ፣ ይተዉት! በማርያም ይተዉት!»

አያ ክንዱ ግን ጎታውን ገፋ አድርገውት ኖሯል። ከጀርባው ሰው አጎንብሶ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። እናኑ አንገቷን አስገብታ አየች። ከወዲያ ጠባብ ክፍል፤ መደብ ላይ ሰሌን ተነጥፏል፤ በራስጌው ከድርቆሽ የተበጀ የሕፃን መኝታ አለ።

ምን እንደሆነ ከመጠየቋ በፊት የማኪና ድምፅ ደጅ ላይ መጥቶ ቆመ።

«የሻው ነው!» አሉ አያ ክንዱ ደንግጠው። «ገዢው! ነገ ብዬው ነበር እኮ!»

የሻው የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ነው። እናኑ ወደ ሴትዮዋ ዞረች። ሴትዮዋ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ለጥፋለች፤ ከንፈሯ አመድ መስሏል። እናኑ ነገሩን ገና አልተረዳችውም። ያንን ፊት ግን ተረዳችው። ቀዳዳውን በጀርባዋ ጋርዳ ወለሉ ላይ ተዘረጋች።

«ወዮ እናቴን!» ብላ ጮኸች። «ወዮ እናቴን! ጥለሽኝ ሄድሽ!»

ሴቶቹ ከመደቡ ተነሥተው ወደ ጓዳ ጎረፉ፤ ከበቧት፤ አብረዋት ጮኹ። በቀብሩ ዕለት እንባ እምቢ ብሏት ነበር። አሁን ለማስመሰል የጀመረችው ጩኸት መሀል መንገድ ላይ እውነት ሆነባት። ልታቆመው ብትልም አልቻለችም።

የሻው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ጓዳውን ልየው።»

«ዛሬስ አይሆንም፣ ጌታው» አሉ አያ ክንዱ። «ሴቶቹ ሐዘን ጸንቶባቸዋል።»

የሻው በቆመበት ጣራውን ቃኘ፤ ደጁን ቃኘ። «ለመጠጥ ቤት ሸጋ ቦታ ነው። ለሌላ ሰው እንዳታሳዩብኝ» ብሎ ሄደ።

ለቅሶው ሲበርድ ወጣቷ ሴት እናኑ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። ስሟ ባንቺአየሁ ነው፤ የዛሪማ ሰው። ባሏ ከአርበኞች ጋር ጫካ ስለገባ ቤቷ ተቃጥሏል።

«ጣሊያን የሚፈልገው ሰው ሁሉ እዚህ ነበር የሚያድረው» አለች በሹክሹክታ። «እኔ እርጉዝ ሆኜ መጣሁ። ያኔ ቀሐን ቤት ለቤት ይፈትሹ ነበር። እሜቴ አንዲት ቀን እንኳ ከደጃቸው ቢርቁ አልቆልኝ ነበር።»

«መቼ ነው የወለድሽ?»

«ከሁዳዴ በፊት፣ ባለፈው ዓመት።»

የእናኑም ልጅ የዚያን ጊዜ ናት። «እኔን እኮ አትምጪ አሉኝ» አለች። «ምነው እውነቱን ቢነግሩኝ?»

«‹እሷ ካላወቀች ማንም አያወጣጣትም› ይሉ ነበር» አለች ባንቺአየሁ። ቀጠለችም፣ «ምጡ ሲጠናብኝ እጄን ጨብጠው፣ ‹አይዞሽ እናኑ፣ አይዞሽ ልጄ› ይሉኛል። የተሳሳቱ መስሎኝ፣ ‹እሜቴ፣ እኔ ባንቺአየሁ ነኝ› አልኋቸው። ‹አውቃለሁ፤ ዝም በይ› አሉኝ። እስክገላገል ድረስ በአንቺ ስም ነበር የሚጠሩኝ።»

እናኑ ጭቃ የነካ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ቀና ብላ አያ ክንዱን አየቻቸው።

«ለየሻው አልሸጥም።»

«በሬውስ?»

«እንጃ፣ አያ።»

አያ ክንዱ ሁሉንም ሰምተዋል። ጎታውን ራሳቸው ወደ ቦታው መለሱት። «እስኪ ታገሺኝ» ብለው በቅሏቸውን አስጭነው፣ ከባንቺአየሁ ጋር ጥቂት ተንሾካሹከው ወጡ።

የተመለሱት አርባው ሊወጣ ሲቃረብ ነው። ከኋላቸው የዛሪማና የድብ ባሕር ሽማግሎች ይከተላሉ፤ ከፊታቸው አንድ ቀይና አንድ ጥቁር በሬ ይነዳሉ።

«ገዢ አመጣሁልሽ» አሉ አያ ክንዱ። «ገዢዋ ባንቺአየሁ ናት። በሬዎቹን ያዋጡት በዚያች ቀዳዳ ያለፉት ሰዎች ናቸው። ጎታውም እንዳለ ይቆይ ብለዋል።»

«የሻውስ?»

«ግድግዳውን ምስጥ በልቶታል፣ ጣራው ያፈሳል፣ ቀሐም ሲሞላ ይገባበታል አልኩት። ፒያሳ ሌላ አገኘ።» ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። «ዕድሜዬን ሙሉ ቤት ሳሞግስ ኖሬ አንድ ቤት ሰደብኩ!»

እናኑ ሳቀች። ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሽማግሎቹም ሳቁ፤ ከዚያ ሐዘን ላይ መሆናቸው ትዝ ብሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

ተዝካሩ ወጣ። በማግሥቱ የእናቷ የነፍስ አባትና ሽማግሎቹ በተቀመጡበት ቤቱ ለባንቺአየሁ ተሰጠ። ሁለቱ ሴቶች ተሳሳሙ፤ ለፋሲካ ልጆቻቸውን ሊያስተዋውቁ ተቀጣጠሩ። ለተዝካሩ የመጣው ባሏ በሬዎቹን ነድቶ ቀደመ፤ እናኑም ተከተለችው።

አጥሩን እንዳለፈች ቆመች። «ቅደም፤ እደርስብሃለሁ» አለችውና ተመለሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። ሕፃኑ ውስጥ ሲንጫጫ ይሰማል። እጇን መቃኑ ላይ አድርጋ፣ በተወለደችበት ቤት ደጅ ላይ፣

«ቤቶች!» አለች።

«ደጆች! ማነው? ይግቡ!» አለ የባንቺአየሁ ድምፅ።

እናኑ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ጎንበስ አለችና እንደ እንግዳ ገባች።