የቀዳሚ አፍ ወራሽ

በዚያ መንግሥት ከንጉሡ ማዕድ ቀድሞ የሚቀምስ ሰው ጌታ ነው። ማዕረጉ «ቀዳሚ አፍ» ይባላል፤ ከአባት ወደ በኩር ልጅ ይወርዳል። ሰፊ ቤት አለው፣ ሠረገላ አለው፣ ከመኳንንት ረድፍ መቀመጫ አለው። ዕድሜ ብቻ የለውም።

የመጨረሻው ቀዳሚ አፍ ሚስት፣ የኮርቻ ሰፊ ልጅና ራሷም ኮርቻ ሰፊ፣ ባሏን ከቀበረች ገና ሳምንቷ ነው። ባሏ ከንጉሡ ሾርባ አንድ ማንኪያ ቀምሶ፣ «ይመለስ፣ አይቅረብ» ብሎ፣ እዚያው ምንጣፉ ላይ ቀረ። ንጉሡ ተረፈ። አሁን ደግሞ ማዕረጉ ወደ አንድያ ትንሽ ልጇ፣ አባቷ «ቁንጥሬ» እያለ ወደሚጠራት፣ እየመጣ ነበር።

ማምለጫው አንድ ብቻ ነው። ምላሱ የሞተ ሰው ቀዳሚ አፍ አይሆንም። ከቤተ መንግሥት የሚመጣው ፈታኝ ኩባያ ይደረድራል፤ ወራሹ ጨውን ከውሃ፣ መራራውን ከጨው ካልለየ ማዕረጉ ይዘጋል፣ ቤቱም ለንጉሡ ይመለሳል። ይመለስ! የኮርቻ ሰፊዋ አባት የመስፊያ ክፍል ሁለት ሰው የሚያስተኛ ወለል አለው።

ስለዚህ የማድ ቤቱን በር ዘግታ ልጇን ማለማመድ ጀመረች።

«ምን ቀመስሽ?»

«ሬት።»

«ምን ቀመስሽ አልኩ?»

«ው... ውሃ።»

«አፍሽማ ውሃ አለ፤ አፍንጫሽ ግን ሬት ሬት እያለ ነው። ሰውዬው የሚያየው ፊትሽን ነው።»

«እስቲ አንቺ ቅመሺውና ፊትሽን ልየው።»

ቀመሰች። ፊቷ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ተኮማተረ። ቁንጥሬ ከአባቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከት ብላ ሳቀች። እናትየውም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተሰብሮ ሌላ ነገር ሆነ።

«ስትውጪ መርፌ አስቢ» አለቻት ዓይኗን ጠርጋ። «በቀዳዳው ክር እያስገባሽ ነው። ክር የሚያስገባ ሰው ፊቱን አያጨማድድም።»

ልጅቷ ቶሎ ገባት። ሬቱን እንደ ተኛ ሰው በረጋ ፊት ዋጠችው።

አማቷ፣ የሟቹ እናት፣ በሩን ገፍታ የገባችው ይኼኔ ነው። አሮጊቷ ኩባያውን አየች፣ አሸተተች።

«ምን እያስተማርሻት ነው?»

«መኖር።»

አማቷ ኩባያውን ከነበረበት መለሰች። በሩን መልሳ ዘጋችውና ሄደች። ኮርቻ ሰፊዋ ይህን እንደ ስምምነት ቆጠረችው።

ፈታኙ በማግስቱ ከሰዓት መጣ። ቀጭን፣ ትሁት ሰው ነው፤ ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ኩባያዎቹን በእልፍኙ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ። ቁንጥሬ የመጀመሪያውን ቀመሰች።

«ውሃ።»

ሁለተኛውን።

«ውሃ።»

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ዓይኗን፣ ከንፈሯን፣ የአፍንጫዋን ክንፍ አየ። ልጅቷ በቀዳዳው ክር እያስገባች ነበር። ሦስተኛውንም «ውሃ» አለች፤ እሱ እንኳ እውነትም ውሃ ነበር።

«ምስኪን» አለ ፈታኙ፣ ቀና እያለ። «ስንት ዘመን የኖረ ቤት!»

እናትየው ማዕረጉ የተዘጋ መሰላት። ሰውየው ከኮዳው በሌላ ኩባያ ቀዳና ወደ እሷ ዞረ።

«እመቤቴ፣ ለቀብሩ አልደረስኩም። ይቺን ይጠጡልኝና ልሂድ።»

ከእፎይታዋ ብዛት እጇን ዘረጋች። የልጅቷ እጅ ግን ቀደማት፤ ኩባያውን ወስዳ በምላሷ ጫፍ ነካችው። በዚያ ቤት አባትየው ያልቀመሰው ነገር ወደ ማንም አፍ ገብቶ አያውቅም፤ የሚስቱን የመጠጥ ውሃ እንኳ «ሥራ ነው፣ ምን ላርግ» እያለ በምላሱ ጫፍ ሳይነካ አያሳልፍም ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ቁንጥሬ ማንም ሳያዛት ተተክታለች። እናትየው በሐዘኗ ውስጥ ሆና አላስተዋለችም።

«እማዬ አትጠጪ! ከሥሩ የሆነ ነገር አለው!»

ከዚያ ልጅቷ ራሷን እንዳጋለጠች ገባት። አፏን በሁለት እጇ ያዘች፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

«የቅጠል ጭማቂ ነው፣ ሦስት ጠብታ። አይጎዳም» አለ ፈታኙ በቀስታ። ደስ ያለው አይመስልም። «እኔ ብጠጣው አላውቀውም ነበር። አባቷንም እንዲሁ ነው ያገኘነው። ያኔ ኩባያው የተሰጠው ለእናቱ ነበር።»

ኮርቻ ሰፊዋ በእልፍኙ ጥግ ወደ ተቀመጠችው አማቷ ዞረች።

«ያውቁ ነበር?»

«ባሌን ቀበርኩ፣ ልጄን ቀበርኩ» አለች አሮጊቷ፣ ዓይኗን ከወለሉ ሳታነሳ። «ማዕረጉን አልቀብርም። እሱም ከሄደ፣ እነሱ የሞቱት ለምንድን ነው?»

 ፈታኙ ኩባያዎቹን ይሰበስብ ጀመር። እናትየው እንደ ሰመጠ ሰው የምትይዘውን ፈለገች።

«ቆይ። ከመኳንንት ረድፍ የሚቀመጥ ሁሉ የራሱ ቀማሽ ይፈቀድለታል አይደል?»

«ይፈቀድለታል።»

«ቀዳሚ አፍስ ከመኳንንት አይደለም?»

ፈታኙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ባልዎም አንድ ቀን አንስቶት ነበር። ‹ታዲያ ማንን ከፊቴ ላስቀድም?› አለና ስቆ ተወው።»

«እኔን ያስቀድሙ።»

«መምረጡ የእሳቸው ነው» አለ፣ ልጅቷን በአክብሮት እያመለከተ።

«አይሆንም!» አለች ቁንጥሬ። «አባዬ እምቢ ካለ እኔም እምቢ!»

እናትየው ወለሉ ላይ ተንበረከከች። «እመቤቴ» አለቻት፤ «በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይምረጡኝ።»

«እንደዚህ አትበይኝ! እማዬ፣ ተነሺ!»

«እንግዲያው ምረጪኝ።»

ልጅቷ ተንሰቅስቃ አለቀሰች። የፈታኙ ሠረገላ ደጅ ላይ ቆሞ፣ ፈረሶቹ መሬቱን ይመታሉ። በመጨረሻ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፤ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ከጠረጴዛው ያንን የኋለኛውን ኩባያ አንስታ ለእናቷ አቀበለቻት።

«በምላስሽ ጫፍ ብቻ። አትዋጪው። ከሥሩ ያለውን ፈልጊ።»

ኮርቻ ሰፊዋ ቀመሰች። ዓይኗን ጨፍና ፈለገች፤ ነፍሷን ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ አድርጋ ፈለገች። ውሃ ነበር። ከውሃ በቀር ምንም አላገኘችም።

«አገኘሽው?»

ልትዋሻት አፏን ከፈተች። ልጅቷ ግን የምታየው ፊቷን ነበር።

«እንደገና» አለቻት ቁንጥሬ፣ ኩባያውን ወደ እናቷ አፍ እየገፋች። «እማዬ፣ እንደገና።»