የጋሽ አስራት ፓርኪንግ

ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ባለው ቸርቻችን ግቢ ጋሽ አስራት የሚያቆሙበት ቦታ ላይ ሌላ መኪና ያቆመ ወዮለት! ግቢው ላይ ኪራዩ ረከስ ያለ አፓርትመንት እንሥራ ባልን ቁጥር «ፓርኪንጌስ?» እያሉ አንገበገቡን።

አንድ እሁድ፣ ከተማው ፕላኒንግ ቢሮ የምትሠራው ዮርዲ፣ ሕንፃ ያዋጣ እንደሆነ የሚያሰላውን የኮምፒውተር ፕሮግራም በፕሮጀክተር የአዳራሹ ግድግዳ ላይ አሳየችን። ሕንፃችን ቀይ ሆነ፤ አያዋጣም። ፓርኪንጉን ስትቀንስ ግን ቤት በቤት ላይ እየተደረበ አደገና አረንጓዴ ሆነ።

ጋሽ አስራት ተነሥተው ግድግዳውን ዳሰሱ።

«የኔ ቦታ የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ፣ ጋሼ። የልጆች መኝታ ቤት ሆኗል።»

«ሕፃን ይተኛበታል?»

«አዎ።»

በሚቀጥለው እሁድ ጋሽ አስራት በባስ መጡ። ባዶ ቦታቸው ላይ ግን ማናችንም አላቆምንም፤ ሕፃን የተኛበት ይመስል።