ከአሥር ሁለት

አባቴ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰዋስው አስተምሯል። እኔ ደግሞ በሠላሳ አራት ዓመቴ ቁምጣ ለብሼ፣ ጆሮዬ ላይ ክንድ የሚያህል እርሳስ ሰክቼ፣ በቴሌቪዥን ሰዋስው አበላሻለሁ። የአንድ የልጆች ትምህርት ፕሮግራም ሰነፍ ተማሪ ነኝ፤ ዝብርቅርቅ ይሉኛል። ሰሌዳው ላይ «ላሞቹ ሣር በላች» ብዬ እጽፋለሁ፤ አስተማሪዋ በስፖንጅ ዱላ አናቴን ትለኛለች፤ ልጆቹ በሳቅ እየፈረሱ ዓረፍተ ነገር ይማራሉ። ክፉ ሥራ አይደለም።

አባቴ ግን እንደሱ መምህር መሆኔን ትቼ እዚህ የገባሁ ቀን «ዓይንህን ላፈር!» አለኝ። ይኸው ሁለት ዓመት፣ ቃሉን አላጠፈም። ስደውል ስልኩን ለእናቴ ያቀብላታል።

«ፕሮግራምህን የማየው እኔ ብቻ ነኝ ልጄ» ትለኛለች። «እሱ ጋዜጣውን ይዞ ጀርባውን ይሰጠናል።»

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ለጣቢያው ኃላፊ ደብዳቤ መጣ። ፊርማው «ያልተደሰተ ተመልካች» ይላል። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ሁሉ አንድ ሳይቀር ተገልብጦ፣ በቀይ ብዕር ታርሞ፣ ከሥሩ ውጤት ተሰጥቶታል፤ ከአሥር ሁለት። ዳይሬክተሯ ጮክ ብላ እያነበበች ስትስቅ ወረቀቱን ነጠቅኳት። ልጅነቴን ሙሉ ደብተሬን ሲያደማ የኖረ ብዕር እንዴት ይጠፋኛል? ጀርባውን የሰጠ ሰው ሰሌዳ እንዴት እንደሚገለብጥ ግን እግዜር ይወቀው።

ደብዳቤው በየሳምንቱ ቀጠለ። እኔም ባሰብኝ። ሁለት ስሕተት ጻፍ ሲሉኝ አምስት እጽፋለሁ፤ ስሕተቱ ሲበዛ ደብዳቤው ይረዝማላ! አንድ ሳምንት አራት ገጽ መጣልኝና አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። መዝጊያው «አሳዳጊ የበደለው!» ይላል። አሳዳጊው ማን እንደሆነ ረስቶት ነው።

ታዲያ አንድ ጠዋት ዳይሬክተሯ መርዶዋን ይዛ መጣች።

«ዝብርቅርቅ ይመረቃል። ሁለት ዓመት ተምሮ ያልገባው ከሆነ ደደቦቹ እኛ ነን። በመጨረሻው ክፍል አንድ አንቀጽ ያለ ስሕተት ትጽፋለህ።»

«አንዲት ስሕተት ብቻ ተዪልኝ።»

«አንዲትም!»

ስሕተት ከሌለ ደብዳቤ የለም፤ ደብዳቤ ከሌለ አባት የለኝም። ይህን ለሷ እንዴት ብዬ ላስረዳት? ቁምጣ የለበሰ ሰው ሲያለቅስ ደግሞ ማንም የምሩን ነው አይልም።

የመጨረሻው ክፍል የተላለፈው በቀጥታ ነበር። ስለ ዝናብ ጻፍ ተብዬ ነበር፤ ዝናቡን ተውኩት። «አባቴ መምህር ነው። የጻፍኩትን ሁሉ ያርማል። ይቆጣል እንጂ አይሰለቸውም። በጣም ናፍቆኛል።» አስተማሪዋ የስፖንጅ ዱላዋን እንዳነሣች ቀረች።

ሳምንቱን ሙሉ የፖስታ ሳጥኑ ሥር ስንጎራደድ ከረምኩ። በስምንተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ፤ በኃላፊው ስም ሳይሆን በኔ ስም። አንቀጼ በሰማያዊ ብዕር ተገልብጦ፣ ሳይነካ ተቀምጧል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ከአሥር ዘጠኝ። አንዱን የቀነስኩት ለእጅ ጽሑፍህ ነው፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል። እሁድ ደብተርህን ይዘህ ና። ሱሪ ልበስ።»

ቀይ ብዕር ያረፈው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ፊርማው ላይ። «ያልተደሰተ ተመልካች» የሚለውን ሰርዞ፣ «አባትህ» ብሎ አርሞታል።