ከጋዋን ኪስ የወጣው ወረቀት

በሆስፒታሉ ልብስ እጥበት ክፍል አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ከኪስ የወጣ ነገር ከአፍ አይወጣም። ሠራተኛው ሁሉ «እማማ ሳሙና» የሚላቸው አጣቢ ይህን ሕግ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠብቀዋል። ስንቱን የፍቅር ደብዳቤ፣ ስንቱን ጉድ እንዳላዩ ሆነው መልሰዋል።

ሰኞ ጠዋት ግን ከአንድ ጋዋን ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። «ሰኞ 11፡10 በጓሮ በር፣ ብቻዋን። ማክሰኞ 11፡05፣ ብቻዋን። ረቡዕ ከነርሷ ጋር።» እንዲህ እያለ እስከ ዓርብ ይወርዳል።

በጓሮ በር የምትወጣው የፈረቃ አለቃዋ ናት። ይህን ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያሻም። አንገትጌው ላይ የተሰፋውን ቁጥር አዩ፤ አርባ ሁለት። የልጃቸው ባል ነው። አለቃዋ ባለፈው ወር ከመድኃኒት መጋዘን አንስታ ቆሻሻ ጋሪ ላይ መድባዋለች።

በምሳ ሰዓት ጠጋ አሉት።

«የኔ ልጅ፣ ኪስህ ውስጥ ወረቀት ነበር።»

«የአውቶቡስ ሰዓት ነው። ዘንድሮ ደግሞ ሰላይ ሆኑ እንዴ፣ እማማ?»

«ከመቼ ወዲህ ነው አውቶቡስ ከነርስ ጋር የሚወጣው?»

ጥርሱ እንደሳቀ ቀረ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «ይስጡኛ።»

«ውሃ በላው» አሉት። ወረቀቱ ጡታቸው ሥር ነበር።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ከሰዓት በኋላ እጃቸው አንሶላ ያጥፋል፣ ዓይናቸው በመስኮት ጋሪውን ይከተላል። ጋሪው ሞልቷል፤ ሊደፋው ግን አልሄደም። ጓሮ በር አጠገብ አቁሞታል። ለወትሮው በሁለት እጁ የሚገፋ ሰው ዛሬ በግራው ብቻ ነው፤ ቀኙ ከጋዋኑ ውስጥ አልወጣም።

ብናገር ልጄን አስለቅሳለሁ፣ ዝም ብል የሰው ልጅ አስቀብራለሁ፣ አሉ በልባቸው። አንሶላውን አስቀምጠው ወደ ጥበቃ ኃላፊው ሄዱ።

«ያየሁትን ልንገርዎት፤ የጠረጠርኩትን ደግሞ ለብቻው» አሉና ወረቀቱን ዘረጉለት።

ኃላፊው አነበበ። «አርባ ሁለት የርስዎ አማች አይደለም እንዴ?»

«ነው። ቶሎ ይበሉ፣ አሥራ አንድ ሊሆን ነው።»

አለቃዋን ከቢሮዋ እንዳትወጣ ነገሯት። ሁለት ጥበቃዎች በጓሮ ዞሩ። ከጋዋኑ ውስጥ የክንድ ርዝመት ያለው ብረት ወጣ። «ለውሻ ነው» አለ። የሳቀለት የለም። ወዲያው ፖሊስ ተጠራ።

ገና ሳይመሽ የእማማ ሳሙና ስልክ ጮኸ። ልጃቸው ናት።

«እማዬ፣ የተናገርሽው አንቺ ነሽ አሉ።»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።» እርግማኑን ጠበቁ።

ልጃቸው ግን ጎረቤት እንዳይሰማ እንደሚፈራ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ዛሬ እንዳይለቁት ንገሪልኝ» አለች። «ልጆቹን ይዤ እስክወጣ።»